አርባ አራት በል

ክሊኒኩ ውስጥ በመዝገብ ስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ሁሉም "እጀ ቀላል" ይላታል። መርፌዋ ገብቶ ሲወጣ ሕመምተኛው ገና ጥርሱን ነክሶ እየጠበቀ ነው፤ "አልቋል እኮ፣ ሱሪህን ታጠቅ" ስትለው ነው የሚያምነው። ቁስል ስታጥብ ሰዎች ስለ ልጆቻቸው ያወሯታል እንጂ አያቃስቱም። መርፌ የሚፈራ ሰው በሩ ላይ ቆሞ "እጀ ቀላል ገብታለች?" ብሎ ይጠይቃል፤ የለችም ከተባለ "እንግዲያው ዛሬስ ተሽሎኛል" ብሎ የሚመለስም አይጠፋም።

ማዕረጓ ረዳት ነርስ ነው። ሙያውን የያዘችው በልጅነቷ፣ ወለል እየወለወለች፣ በጆሮዋ ነው። ሐኪም ሲናገር ትሰማለች፤ የሰማችውን አትረሳም፤ ያልረሳችውን እጇ ይዞ ይቀራል። መጽሐፍ የመጣላት ዘግይቶ ነው። ሽበት ጣል ጣል ማድረግ ሲጀምራት ደግሞ አዲስ ደንብ መጣ፤ የብቃት ፈተና ያላለፈ ረዳት ነርስ ከእንግዲህ መርፌ አይጨብጥም ተባለ። የክሊኒኩ ባለቤት ሐኪሙ ደግ ሰው ናቸው። አስጠርተው፣ ወንበር ስበው፣ እሷን ሳይሆን ጠረጴዛውን እያዩ ነገሯት፦ ካለፈች ባለችበት ትቀጥላለች፤ ካላለፈች ካርድ ክፍል ከማስቀመጥ በቀር የሚችሉት ነገር የለም። ካርድ ክፍል ማለት ከመስኮት ጀርባ ተቀምጦ የሰው ስም ሲጽፉ መዋል ነው። ሥራ አይደለም አላለችም። ፈጣሪ የሰጣት እጅ ግን ለዚያ አልነበረም።

ፈተናው "የአዋቂዎች የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ነርሲንግ" ይባላል፤ ባለሙያዎቹ "ሜዲካል ሰርጂካል" ይሉታል፤ ባሏ ደግሞ "ያ ባለ ብዙ ስሙ" ይለዋል። ግማሹ የጽሑፍ ነው፤ ግማሹ ግን እውነተኛ ሕመምተኛ ፊት አቁመው "መርምሪ፣ ያገኘሽውን ንገሪን" የሚሉት የተግባር ፈተና ነው። ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ ተመዝግባ ነበር። ልትፈተን ስትል እናቷ ወደቁባት። መጽሐፉን ጥላ ሄደች፤ አስታመመች፣ ቀበረች፤ ፈተናውም አብሮ ተቀበረ። በዚህ አንድም ቀን ተጸጽታ አታውቅም። ባሏ ግን ያንን ጊዜ አልረሳውም።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ "ሰፊው" ይለዋል። ቃሉን ጠበቅ አድርጎ ለሚጠራው ነገሩ ቀልድ ይሆናል፤ ሰውየው በመርፌ ቀዳዳ ቢያልፍ የማይደንቅ ቀጭን ነውና። ይህንን ቀልድ ያመጣችው የሚስቱ ጓደኛ ናት። እሷን ደግሞ ሰው ሁሉ "ሳቂታ" ይላታል። ሳቂታና እጀ ቀላል በአንድ ቀን ተቀጥረው፣ በአንድ ባልዲ ወለል ወልውለው፣ አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ አፍንጫዋን እየጠረገችላት ያደጉ ናቸው። እጀ ቀላል ትታው የሄደችውን ፈተና ሳቂታ ተፈትና አለፈች፤ አሁን በትልቁ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ነርስ ናት። ደንቡ ሲወጣ ቀድማ የሮጠችው እሷ ነበረች፤ "እኔ እያለሁ አንቺ ካርድ ክፍል? ካርዱ ይብላኝ" ብላ ማስጠናት ጀመረች።

ጥናቱ የሰፊው መስፊያ ክፍል ውስጥ ነበር። አልጋ ስለሌለ የጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ አልጋ ይሆናል። ሰፊው ሸሚዙን አውልቆ ጫፉ ላይ ይቀመጣል፣ እግሮቹን ያንጠለጥላል። ሳቂታ ከመሳቢያው ጨርቅ የሚያሰምርበትን ጠመኔ አንስታ ጀርባው ላይ ታሰምራለች፤ ሳንባ እስከዚህ፣ ጉበት ከዚህ በታች።

"ጠባቡ ሰፊ፣ ቀጥ በል እንጂ፣ መስመሬን አጣመምከው።"

"ለማን ነው ይሄን ኮት የምትሰፉት? እጅጌውን እንዳትረሱ" ይላል እሱ።

ከዚያ እጀ ቀላል መዳፎቿን ከትከሻው አጥንት በታች፣ በግራና በቀኝ አኑራ "አርባ አራት በል" ትለዋለች። ለምን አርባ አራት እንደሆነ ያስተማሯት ሁሉ አያውቁትም። ምናልባት ቃሉ ደረት ውስጥ ተንከባሎ ስለሚወጣ ይሆናል። ጤነኛ ሰው አርባ አራት ሲል ድምፁ በሳንባው በኩል መጥቶ መዳፍን ይነዝራል። በሳንባና በደረት መሃል ውሃ ከገባ ግን ድምፁ እዚያው ይሰጥማል፤ መዳፍ ይጠብቃል፣ ምንም አይመጣም። ቀጥሎ ጣትን አስተኝቶ በሌላ ጣት መምታት ነው። ይኼኛውን መጽሐፍ ሳይነግራት ታውቀዋለች፤ የግቢያቸውን የውሃ በርሜል ሲመቱት አየሩ ጋ ይጮሃል፣ ውሃው ከጀመረበት ድምፁ ይሞታል። ምን ያህል ውሃ እንደቀረ ክዳን ከፍታ አይታ አታውቅም።

ሰፊው አርባ አራት ሲል በግድግዳው በኩል ይሰማ ኖሮ፣ ጎረቤቷ አንድ ቀን አስቁማ በሐዘኔታ ጠየቀቻት፤ ጋሼ ቁጥር መማር ጀመሩ እንዴ፣ ምነው ታዲያ ከአርባ አራት አላልፍ አሉ? ሦስቱ ይህንን እያነሱ ብዙ ሳቁ።

አንድ ቀን ከሥራ መልስ፣ ሳቂታ ወንበር ላይ ሻይዋን ይዛ ተቀምጣ ሳለ፣ እጀ ቀላል እንደ ወትሮው መዳፎቿን አኖረች።

"አርባ አራት በል።"

"አርባ አራት።"

የግራው ነዘራት። የቀኙ ዝም አለ። ደግማ አስባለችው። መዳፎቿን አቀያየረች፤ አሁንም ዝም ያለው በቀኝ ጀርባው ያረፈው ነው። ጣቷን አስተኝታ መታች። ከጠመኔው መስመር በላይ፣ ገና ሳንባ ሊሆን በሚገባው ቦታ፣ ድምፁ ሞተ።

"ሳቂታ፣ እስቲ ነይ። እዚህ ጋ ውሃ ያለ ይመስለኛል።"

ከጀርባው ስለነበረች የባሏን ፊት አላየችም። ባሏና ሳቂታ ግን ፊት ለፊት ነበሩ። ሳቂታ ብርጭቆዋን አስቀመጠች፣ መጣች፣ መታ መታ አደረገች፤ ከዚያ ሳቀች።

"ውሃ? ከዚህ ደረቅ እንጨት ውሃ? ጥፋቱ የኔ ነው፤ መስመሩን ዝቅ አድርጌ አሰመርኩት።" መስመሩን በመዳፏ ጠረገችና ወደ ላይ ከፍ አድርጋ ሌላ አሰመረች። "የቀጭን ሰው ጉበት ከፍ ብሎ ነው የሚጀምረው። ስትመቺ የነበረው ጉበት ነው።"

"እጄ ግን…"

"እጅሽ ደክሟል፣ እህቴ። ቀኑን ሙሉ ሰው ስትወጊ ውለሽ! እጅ ይዋሻል። መስመሩን እመኚ።"

ሰፊው ሸሚዙን እየለበሰ ጉበቱ ከፍ ያለው በኩራት እንደሆነ ተናገረ። ሳቁ። እጀ ቀላልም ሳቀች፤ ሌላው ከሳቀ በኋላ ግን ነው።

ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ ነገር ተናጋ። እጅ ይዋሻል የሚለው ቃል ክሊኒክ ድረስ ተከተላት። እስከዚያ ድረስ እጇ ጡንቻውን ራሱ ፈልጎ ያገኝ ነበር፤ አሁን መርፌውን ይዛ ቦታውን በዓይኗ መፈለግ፣ መለካት፣ መጠራጠር ጀመረች። አንዲት ደንበኛዋ፣ እንጀራዋን መኪና በማጠብ የምታገኝ ሴት፣ ቀሚሷን እያወረደች "ምነው ዛሬ እጅሽ ከበደ?" አለቻት። ለቀልድ ያለችው ነው። እጀ ቀላል ግን መታጠቢያው ጋ ሄዳ፣ ውሃውን ከፍታ፣ መዳፎቿን እንደ ባዕድ ነገር ስታያቸው ቆየች።

ሰፊውም ተለዋወጠ። የቀኝ ጎኑን ስትነካው ይኮረኩረኛል እያለ ይሸሽ ጀመር። ማለዳ ማለዳ ክር አለቀብኝ፣ ቁልፍ ጎደለብኝ እያለ ይወጣል። ሙቀት በነበረበት ሰሞን ሹራብ ደረበ፤ "ብርድ መታኝ" አለ። ብርድ የማይመታው ሰው የለም፤ ትከሻም ቢሆን፣ ጎንም ቢሆን፣ ሳልም ቢሆን ብርድ ነው። እሷም አልተከራከረችም። ሳቂታ ደግሞ በአንድ ሰው ጀርባ ብቻ መለማመድ እጅን ያሰንፋል ብላ ከእንግዲህ የራሷን ጀርባ ሰጠች። አንድ ምሽት ብቻ፣ እራት ሲበሉ፣ ሰፊው ከመሬት ተነስቶ "ሳንባም እንደ ኮት ገበር አለው አሉ። አንዱ ገበር ከሳንባው ጋር፣ ሌላው ከደረቱ ጋር። ውሃ የሚገባው በሁለቱ ገበር መሃል ነው" አለ። እጀ ቀላል ደስ አላት። ከልቡ እየሰማኝ ነው፣ የኔን ትምህርት በራሱ ሙያ ተረጎመው ብላ፣ ለሳቂታም ነገረቻት። ሳቂታ ያን ዕለት ሳትስቅ "ጎበዝ ነው" አለች።

የጽሑፉን ፈተና ተፈተነች፤ የምታውቀውን ጻፈች፣ የማታውቀውን ለፈጣሪ ተወችው። የቀረው የተግባሩ ነበር። በዚያ ጠዋት ከመውጣቷ በፊት ግድግዳውን ተደግፋ ጸለየች። በጸሎቷ ውስጥ ሁልጊዜ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ባሏ፣ ሌላ ከተማ የምትማረው ልጇና ሳቂታ። ስለ ራሷ አንድ ቃል ጨመረች፤ "እጄን አደራ" አለች።

የፈተናው ክፍል ንጹሕና ቀዝቃዛ ነበር፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መጋረጃ፣ መስኮቱ ስር መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ የሰቀለች ፈታኝ። አልጋው ላይ የተቀመጡት አዛውንት ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው። ከሆስፒታሉ አልጋ ፈቅደው የመጡ ሕመምተኛ ነበሩ። ገና ስታያቸው በአፋቸው ጥግ ፈገግ አሉ።

"አንቺም አርባ አራት በሉ ልትይኝ ነው? ከእናንተ ወገን ሌላ ቁጥር የሚያውቅ የለም?"

"እኔም ያስተማሩኝ እሱን ብቻ ነው፣ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

እጇን አሞቀች፤ ቀዝቃዛ እጅ ሕመምተኛን ያስደነግጣል። መዳፎቿን ጀርባቸው ላይ አኖረች። አርባ አራት አሉ። የግራው ነዘራት። የቀኙ ዝም አለ።

ይህንን ዝምታ ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ የነካችው ነው። ጣቷን አስተኝታ መታች፤ ድምፁ የሞተበት ቦታ እዚያው ነው፣ ያኔ የሞተበት ቦታ። ሳቂታ ከፍ አድርጋ ያሰመረችው መስመር በዓይኗ መጣ፤ በዚያ መስመር ከሄደች ይህ ጉበት ነው፣ እኚህ ሰው ጤነኛ ናቸው። አፏ "ጉበት" ለማለት ተከፍቶ ነበር። እጇ ግን አልነሳም አለ።

ፈታኟ እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ መታ አደረገች። "ምን አገኘሽ?"

"አንድ ነገር ልጨምር" አለች እጀ ቀላል።

ጉበት የሚኖረው ደረትን ከሆድ ከሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ ስር ነው። ሰው በረጅሙ አየር ስቦ ሲይዝ ሳንባ ይነፋል፣ ጉበትን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ድምፁ የሚሞትበት ቦታም አብሮ ይወርዳል። ውሃ ግን ለትንፋሽ አይታዘዝም። ይህንን በመጽሐፉ አንብባው ነበር። የባሏ ጀርባ ላይ ያልሞከረችው መስመሩን ስላመነች ነው፤ ጓደኛ ካሰመረ በኋላ ማን ይለካል?

"አባባ፣ በረጅሙ ይሳቡና ይያዙልኝ።" መታች። ድምፁ የሞተበት ቦታ አልተንቀሳቀሰም።

"ውሃ ነው" አለች። "በቀኝ ሳንባና በደረት መሃል ውሃ ቋጥሯል። ጉበት አይደለም።"

ፈታኟ ቀና አለች። "ትክክል።"

የሰው ልጅ "ትክክል" ተብሎ እንዲህ ይወድቃል? የአልጋውን ጠርዝ ያዘች። ይህ ትክክል ከሆነ፣ ያም ትክክል ነበር። እጇ አልዋሸም ነበር። እንግዲህ የዋሸው ሌላ ነው። ሹራቡ፣ ኩርኩራቱ፣ የማለዳው ክር፣ ገበሩ፣ ሁሉም አንድ በአንድ መጥተው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ፈታኟ ስለ እንክብካቤው ትጠይቃታለች፤ እሷም ትመልሳለች፦ ቀና አድርጌ አስቀምጣለሁ፣ ትንፋሹን እከታተላለሁ፣ ውሃው ሲቀዳ እጁን ይዤ አጠገቡ እሆናለሁ። አፏ ሥራውን ይሠራል። ልቧ ሌላ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሟል።

"ለቤተሰቡስ ምን ትነግሪያለሽ?"

እጀ ቀላል አዛውንቱን አየች።

"ሕመምተኛው ከፈቀደ እውነቱን። ካልፈቀደ ዝም እላለሁ።" ቆየት ብላ ጨመረች። "ውሸት ግን አልነግርም።"

"የመጨረሻዋን መጽሐፉ አላላትም" አለች ፈታኟ እየጻፈች።

"አላላትም" አለች እሷም።

ሳቂታ በሩ ላይ ትጠብቃት ነበር። ከሩቅ ስታያት እጆቿን ዘርግታ መጣች፤ አዲስ ጫማ ተጫምታለች፣ ለዚህ ቀን ብላ ይሆናል። ፊትሽ ምነው፣ ሕመምተኛው ሞተብሽ እንዴ ብላ ቀለደች። እጀ ቀላል አላቀፈቻትም።

"ጉበት ከየት ይጀምራል?"

የሳቂታ ሳቅ ጀመረ፤ መንገድ ላይ ቀረ።

"ማን ነገረሽ?"

በቃ። ላልሆነ ነገር ነጋሪ አይፈለግለትም። አጥሩ ስር ያለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጡ፤ ማለት ሳቂታ ተቀመጠች፣ እጀ ቀላል ቆመች። ሳቂታ እንደ ጎርፍ አወረደችው። መስመሩን ከፍ ካደረገችበት ምሽት ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ሰፊው እያሳለው፣ ጎኑን ይዞ፣ ክፍሏ ድረስ መጥቶ ነበር። ፎቶ አስነሳችው፤ ውሃ ተገኘ። ከዚያ ምሽት በኋላ ውሃውን ቀዱለት፤ ቲቢ ነው ተባለ፣ ከሰው ወደ ሰው እምብዛም የማይሻገር ዓይነቱ። መድኃኒት ተጀመረ። ማለዳ ማለዳ እሷ ጋ መጥቶ ነው የሚውጠው። እየተሻለው ነው። አትንገሪያት ብሎ አስማላት፤ እንደ እናቷ ጊዜ ጥላው ትሄዳለች አለ።

"ሕመምተኛዬ ነው፣ እህቴ። ምስጢሩ የሱ ነው። አንቺም በኔ ቦታ ብትሆኚ ትይዢው ነበር።"

"እይዘው ነበር" አለች እጀ ቀላል። "ምስጢሩን በመያዝሽ አልቀየምሽም። ዝም ማለት ትችዪ ነበር። ሻይሽን እየጠጣሽ 'እኔ እንጃ፣ ሐኪም ይየው' ብትዪ ይበቃኝ ነበር። አንቺ ግን እጄን ዋሾ አልሽው።"

"ለፈተናሽ ብዬ እኮ ነው!"

"ለፈተናዬ ብለሽ የተሳሳተ መስመር አሰመርሽልኝ። ዛሬ የተሰጡኝ ሰውዬ ሕመማቸው ያው የሱ ነው፤ ያው ጎን፣ ያው ውሃ። መስመርሽን ብከተል ወድቄ ነበር።"

ይህንን ሳቂታ አላሰበችውም ነበር። እጇ ወደ አፏ ሄደ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እጀ ቀላል ይህን ፊት ስታይ አፍንጫዋን ትጠርግላት ነበር። አሁንም እጇ ሊነሳ አለ፤ ከለከለችው። ዞራ ሄደች።

መንገዱን በእግሯ ነው የጨረሰችው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል። አዎ፣ ይጥላል፤ ግን ያላመኑትን ፈረስ ማን ይጫናል? ልፋቱ ሁሉ ለሷ መሆኑን ታውቃለች፤ የሚያቃጥላትም እሱ ነው። ጠላት ቢሆን ትራገመው ነበር። በሚወዱሽ ሰዎች ስትታለዪ ቁጣውን የት እንደምታኖሪው ይጨንቅሻል።

ሰፊው የስፌት መኪናው ላይ ነበር። እግሩን ከመርገጫው አንስቶ ብድግ አለ፤ ሲስተር ልበልሽ ወይስ ገና ነው ብሎ ሊስቅ ሲል ዓይኗን አየ።

"ሸሚዝህን አውልቅ።"

"ፈተናው አለቀ አይደል እንዴ?"

"የሰው አለቀ። የቤቴ ቀረ።"

ጀርባውን አዞረላት። ቁልፎቹን እየፈታ ከላይ ወደ ታች ወረደ። ከትከሻው አጥንት በታች፣ በቀኝ፣ የደረቀች የመርፌ ጠባሳ አለች። ዓይኗ ወደ ወገቡ ሲወርድ ሌላ ነገር አየች። የሱሪውን ወገብ ገልብጣ ተመለከተችው፤ አዲስ ስፌት፣ ከሱ አጠገብ ደግሞ ሌላ አዲስ ስፌት። ሲከሳ ጊዜ ሱሪውን እያጠበበ ኖሯል። ሌላ ሰው ቢሆን ልብሱ ያሳጣው ነበር፤ ይሄኛው ግን ልብስ ሰፊ ነው፣ ክሳቱን በመርፌ ሸፈነው። ምን የመሰለ ስፌት ነው! ሰው ገንዘብ ከፍሎ እንኳ እንዲህ የጠራ አይሰፋለትም።

"ልጃችንም ታውቃለች?"

"ነግሬያታለሁ። አደራ ብያታለሁ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ቤቱ ሁሉ አውቆ፣ ሆስፒታሉ አውቆ፣ ልጅ በሩቅ ከተማ አውቃ፣ ጀርባውን ስትዳብስ የኖረችው ሚስት ሳታውቅ ቀረች። አውቃም ነበር፤ አወቅሽ የሚላት ሰው አጣች እንጂ።

"ያንን የእናትሽን ጊዜ…" ሲል ጀመረ።

"እናቴን ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ፈተናው ቢቀርም እሷን እኔ ነኝ ያስታመምኳት። አንተን ማን አስታመመህ? ውሃው ሲቀዳ ማን ያዘህ?"

"ሳቂታ።"

"አመመህ?"

"አመመኝ" አለ።

ከዚህ ሁሉ ያለቀሰችው እዚህች ላይ ነው። የሰው ሁሉ መርፌ በእጇ ቀሎ፣ የቤቷ ሰው በሌላ እጅ ተወግቶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ወደ ቤት ሲመለስ ክር ገዛሁ ብሏት ነበር። እኔም እኮ መመርመር ነበረብኝ፣ አንድ ትራስ ነው የምንጋራው ስትለው አንገቱን ደፋ። እሱንም አስቦት እንደነበር፣ ሳቂታ ከፈተናው ማግስት ብላ እንደቀጠረችው ነገራት። የሷ ሳንባ፣ የሷ ደረት፣ እሱም ሳይጠይቋት ቀጠሮ ተይዞለት ነበር።

እንባዋን በክንዷ ጠረገች። እጆቿን እርስ በርስ አሻሽታ አሞቀች፤ የተቀየሙት ሰው ጀርባም ቢሆን ቀዝቃዛ እጅ አይገባውም። መዳፎቿን አኖረች።

"አርባ አራት በል።"

"አርባ አራት።" ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

"ጮክ ብለህ።"

አለ። ጎረቤት ሰማ፣ አልሰማ፣ ማንም የሳቀ የለም። የቀኝ መዳፏን ቀስ በቀስ አወረደች። ከላይ ነዘራት፤ ከዚያም ነዘራት፤ ሳቂታ መጀመሪያ ያሰመረችው እውነተኛው መስመር አካባቢ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ዝም አለ። በጣቷ መታች። ትንፋሹን አስይዛ ደግማ መታች። ከዚያ ጠመኔውን ከመሳቢያው አውጥታ በራሷ እጅ አሰመረች። ሰፊው አንገቱን ሊያዞር እየሞከረ ስንት ደረሰ፣ እንዴት ነው አላት።

ዝም ብትለው ትችል ነበር። ትንሽ ቢጠብቅ፣ አለማወቅ ምን እንደሚመስል ቢቀምሰው ብላም ተመኘች። ጠመኔውን ይዛ ቆመች፤ እሱም ሳያየው ቆመ። ግን አልሆነላትም።

"ወርዷል" አለችው። "አለ፣ ግን ወርዷል። መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ። ይህንን የምነግርህ ተሽሎህ አይደለም፤ ብሶብህም ቢሆን እነግርህ ነበር።"

ነገሩን ሰማው። ሸሚዙን ሳይለብስ ብዙ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት እጀ ቀላል ክሊኒክ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ እራት ይበላሉ። መድኃኒቱን ከቤታቸው አጠገብ ካለው ጤና ጣቢያ እንዲወስድ አዛወረችው፤ እሷም ተመረመረች፣ ምንም አልተገኘባትም። እጇ ቀስ እያለ ተመለሰላት፤ መኪና የምታጥበዋ ሴት "አሁን ገና መጣሽ" አለቻት። በጸሎቷ ላይ ግን ባሏንና ልጇን ትጠራና ሦስተኛው ስም ጋ ስትደርስ ምላሷ ይቆማል። አላወጣችውም። አላስገባችውምም። እዚያው ደጃፍ ላይ አቁማ "አንተ ታውቃለህ" ትላለች።

ውጤቱ በተለጠፈ ቀን እሷ ለማየት አልሄደችም። ከሰዓት በኋላ የተዘጋው በር ተንኳኳ፤ አመታቱን ታውቀዋለች፣ ሁለት ፈጣን፣ አንድ ዘግየት ያለ። ከበሩ ማዶ የሳቂታ ድምፅ ሳይስቅ መጣ።

"አልፈሻል። ስምሽን በዓይኔ አይቼ ነው የመጣሁት። ክፈችልኝ፣ እህቴ።"

ሰፊው መኪናውን አቁሞ ሚስቱን አያት። እጀ ቀላል የክሊኒክ ጋወኗን እየተኮሰች ነበር። ማለፏን ሰማች፤ እጇ አንድ ጊዜ ቆመና ቀጠለ። ካውያውን ከኮሌታው ወደ እጅጌው አሻገረች።

"ተነስተህ ክፈትላት" አለችው። "የመጣችው ሕመምተኛዋ ጋ ነው።"

በሩ ሲከፈት እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማ ነበር። ሳቂታ መድረኩ ላይ ቀረች፤ ግቢ የሚላት ቃል ከጠረጴዛው በኩል እንዲመጣ ስትጠብቅ ትንፋሿ ይሰማል። ሰፊው አንዴ ወደ አንዷ፣ አንዴ ወደ ሌላዋ እያየ መሃል ቆመ፤ ልክ በሁለቱ ገበር መሃል እንደገባ ውሃ።